የቆሮሶዎቹ ሠላሳ ቀን

የእንስሳት ሐኪም ነኝ ስል ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ውሻው ነው። ዓሣ እመረምራለሁ ስል ደግሞ ይስቃል። "ዓሣም ይታመማል እንዴ?" ይሉኛል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄም ሳይጠይቁኝ አውቀዋለሁ፤ የታመመው ይበላል ወይ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ለመጀመሪያው ግን አሁንም እመልሳለሁ። ዓሣ ይታመማል። እንደ በሬ አያነክስም፣ እንደ በግ አያስልም። ወደ ውሃው ላይ ይወጣና አፉን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ረፍዷል።

ሥራዬ ከነሕይወታቸው ከአገር የሚወጡ እንስሳት ጤነኞች መሆናቸውን በፊርማዬ ማረጋገጥ ነው። ለዓመታት የፈረምኩት ለበግና ለበሬ ነበር። የዓሣው ሥራ የደረሰኝ ባልደረባዬ ተዛውሮ ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ስለቀረ እንጂ ፈልጌው አይደለም። ከያዝኩት በኋላ ግን አጥብቄ ያዝኩት። መሥሪያ ቤት ውስጥ "እሷ ነጠላ ሰረዝ ሳትቆጥር አትፈርምም" እያሉ ያሙኛል። ሐሜቱ እውነት ነው፤ እውነቱን ለመናገር በውስጤ ደስም ይለኛል።

በዚያ ዓመት ከመጡልኝ ማመልከቻዎች አንዱ ከአቃቂ በሰቃ ነበር። ሰውየው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ተቀነሰና በእናቱ ግቢ ሦስት የሲሚንቶ ገንዳ ሠርቶ ቆሮሶ የሚባለውን የዓሣ ዓይነት ጫጩት ማርባት ጀመረ። ጫጩት የምንለው ጣት የምታህለውን ትንሿን ዓሣ ነው፤ ገዢው ወስዶ በራሱ ኩሬ ያሳድጋታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሞቱበት፣ ተረፉለት፣ ደግሞ ሞቱበት። በአራተኛው ዓመት ጅቡቲ ውስጥ ኩሬ ያለው ገዢ አገኘ።

ገዢው የጠየቀው ወረቀት ቀላል አልነበረም። ጫጩቶቹ ከመጫናቸው በፊት ሠላሳ ቀን በለይቶ ማቆያ መቆየት ነበረባቸው። በእነዚያ ቀናት ሌላ ዓሣ አይጨመርባቸውም፤ ከተመረመረው የግቢው ጉድጓድ በቀር የሌላ ውሃ ጠብታ አይነካቸውም። ናሙና ተወስዶ ቆሮሶን የሚጨርሰው ቫይረስ እንደሌለባቸው በላቦራቶሪ ይረጋገጣል። በመጨረሻ ይህ ሁሉ መፈጸሙን ሐኪሟ ትፈርማለች። የዓሣ በሽታ ከቦታ ወደ ቦታ የሚሄደው በውሃ ነው። የአቃቂን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህ ደንብ ለምን ወጣ ብሎ አይጠይቅም።

ጊዜውም ጠባብ ነበር። ጅቡቲ ሙቀቱ ሳይበረታ ገዢው ኩሬዎቹን መሙላት ስላለበት፣ ሠላሳው ቀን ቢበላሽ ሌላ ሠላሳ ቀን የሚቆጠርበት ፋታ አልነበረም። ሰውየው ይህን ሲነግረኝ ድምፁን አላነሳም።

"ይሄ ካልሆነ ዶክተር፣ ገንዳዎቹን ደፍኜ ዘበኝነት እገባለሁ" አለኝ።

እየቀለደ መሰለኝ። አልቀለደም።

እናቱ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ጅቡቲ ሄደው ባያዩአትም በወሬ አብጠርጥረው ያውቋታል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ለይቶ ማቆያው ሳስረዳ አጠገባችን ቆመው አደመጡኝና፣

"እንደ ኮሮናው ነዋ?" አሉኝ።

"እንደ ኮሮናው ነው እማማ።"

"እንግዲያው ገብቶኛል። ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም።"

እንደገባቸውም አሳዩን። በገንዳዎቹ መጠለያ በር ላይ በረኪና የተበጠበጠበት ሳፋ አስቀምጠን ነበር፤ የሚገባ ሁሉ ጫማውን ይነክራል። እኚህ ሴት ለዚያ ሳፋ ዘበኛ ሆኑ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ ቆጣሪው ያለው በሌላኛው በኩል ሆኖ ሳለ አስነክረውታል። እኔንም አንድ ቀን ስልክ እያወራሁ ሳልፍ ክንዴን ይዘው መለሱኝ። "አንቺም ብትሆኚ" አሉኝ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ደንብ እንዲህ ሲከበር አላየሁም፤ ወደድኳቸው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስቼ ሁለት ታክሲ ይዤ ወደዚያ ግቢ መሄድ ሥራ መሆኑ ቀርቶ ዘመድ ጥየቃ መሰለኝ።

ልጃቸው ግን ጉብኝቴ ሲበዛበት ጊዜ በነገር ይወጋኝ ነበር። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል ዶክተር፤ ኧረ አይጎርጉሩብን" ይለኛል መረቡን እያቀበለኝ። እኔም የባሰ እጎረጉር ነበር።

በሃያኛው ቀን ግድም የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ንጹሕ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩና ለሁለቱም አነበብኩላቸው። ልጁ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። እናቱ፣

"እንግዲህ ምን ቀረ?" አሉኝ።

"ምንም አልቀረም እማማ። የቀረው ጸሎት ነው።"

ሰው እንደሚለው አልኩት። ለበሬም ለበግም ብዬው አውቃለሁ። ከአፌ ሲወጣ አላሰብኩበትም፣ ከወጣም በኋላ አላስታወስኩትም።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ስደርስ ልጁ አልነበረም፤ የማሸጊያ ፕላስቲክ ሊገዛ ወደ ሳሪስ ሄዷል። እናቱ በሩን ከፈቱልኝ፣ ጫማዬን ስነክር ቆመው አዩ፣ ከዚያ ፊታቸው በርቶ እንዲህ አሉኝ፦

"ያልሽኝን አድርጌያለሁ።"

"ምን አልኩዎት?"

"ጸሎት ነው የቀረው አላልሽኝም? ለመጋቢት አቦ ሄጄ ስለት ገባሁላቸው። ጠበልም ይዤ መጥቼ ጨመርኩላቸው። መንገደኞች አይደሉ? ጅቡቲ የገባ ሁሉ ይታመማል ይል ነበር ባለቤቴ።"

"እማማ፣ የውጭ ውሃ አይገባም ብለን አልነበረም?" አልኩ፤ ድምፄ እንዳይሻክር እየተጠነቀቅሁ።

"ውሃማ መች አስገባሁ?" አሉኝ ገርሟቸው። "ጠበል ነው እንጂ። በኮሮናው ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ ለይቶ ማቆያ ስትገባ ማንም አይጠይቃት ተባለ፤ ጠበል ግን ይላክላት ነበር። ጠበል ማን ይከለክላል?"

ከዚያ ፊቴን አዩና ብርሃናቸው ቀነስ አለ። "ጥፋት አለበት እንዴ ልጄ?"

ጥፋት ነበረበት። ጠበሉ ከምንጭ ይቀዳል፤ ስንት ሰው ይጠመቅበታል፣ በየት በየት እንደሚያልፍ ማንም አልመረመረውም። እምነቴን ማንም አይጠይቀኝ፤ እኔም ሲያመኝ ጠጥቼዋለሁ፣ እናቴንም ወስጄበታለሁ። ቅጹ ግን የሚጠይቀው ውሃው የተባረከ መሆን አለመሆኑን አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የውጭ ውሃ ገብቷል ወይስ አልገባም።

"የለበትም እማማ" አልኳቸው። "ደግ አደረጉ።"

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ በታክሲ ውስጥ ያሰብኩትን ሁሉ መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ልጻፈው። መጀመሪያ ያሰብኩት ዝም ማለት ነው። ማን ያውቃል? ዓሦቹ ይዋኛሉ፣ ውጤቱ ንጹሕ ነው፣ አሮጊቷ ደስ ብሏቸዋል፣ ሰውየው ፕላስቲክ ገዝቷል። አንድ ምልክት ነው፤ "አልገባም" የሚለው ላይ አድርጎ መፈረም። ሁለተኛ ያሰብኩት ደግሞ በጅቡቲ በኩል ያለውን የገዢውን ሐኪም ነው፤ እኔ የፈረምኩትን አምኖ ዓሦቹን ከራሱ ዓሦች ጋር የሚቀላቅለውን፣ ስሙን የማላውቀውን ሰው። ይህን ሰው መዋሸት አልቻልኩም። እስከዚህ ድረስ ያሰብኩት ደህና ነበር።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ያሰብኩት ነው። እውነቱን ከጻፍኩ ልጁ ያያል። የአራት ዓመት ልፋቱን ያጠፉት እናቱ መሆናቸውን በመንግሥት ማኅተም ያነባል። እኚያ ሴት በቀረው ዕድሜያቸው ሁሉ በዚያ ግቢ በእነዚያ ገንዳዎች አጠገብ ሲያልፉ ይሸማቀቃሉ። ነገሩን ያስጀመረው ደግሞ የእኔ አፍ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን እኔ ልውሰደው አልኩ። ቤቴ ስደርስ ነገሩ ተቆርጦ ነበር፤ እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም።

በማግሥቱ ልጁን በገንዳዎቹ አጠገብ አገኘሁትና በዝግታ ነገርኩት። ናሙና የምወስድበትን ባልዲ ከውጭ ባመጣሁት ውሃ አለቅልቄ ሳላደርቀው ነከርኩት፤ ስለዚህ "አልገባም" ብዬ መፈረም አልችልም አልኩት።

መረቡን ግድግዳው ላይ ሰቀለው፣ መልሶ አወረደው። ከዚያ እንደ መካኒክ ጠየቀኝ።

"የትኛው ገንዳ ላይ ነው?"

ገንዳዎቹ ለየራሳቸው ቧንቧና መውረጃ ነበራቸው፤ አይገናኙም። እኔ ግን ባልዲ እንጂ እውነት በእጄ አልነበረኝም። በውሸት ላይ ዝርዝር መጨመር ፈራሁ።

"አላስታውስም" አልኩት።

ዓይኑን ከእኔ አንስቶ ወደ ውሃው መለሰ። "እሺ ዶክተር" ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ በወደድኩ።

ቅጹ ላይ በተቆጣጣሪዋ ሐኪም ቸልተኝነት መጠኑና የገባበት ገንዳ ያልታወቀ የውጭ ውሃ መግባቱን ጻፍኩ። የገዢው ሐኪም በሁለት ቀን መለሰ፤ ጭነቱን ሙሉ በሙሉ አንቀበልም። እኔም ከአለቃዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተቀበልኩ። ነጠላ ሰረዝ ቆጣሪዋ በባልዲ ስትወድቅ የማይደሰት ባልደረባ አልነበረም። አንደኛው በኮሪደሩ ሲያልፍ "ዓሣ ግማቱ ከአናቱ" ብሎ ለግድግዳው ነገረው። አልከፋኝም። ደብዳቤውን በመሳቢያዬ ከተትኩትና ሰው ሳያየው ጾም እንደያዘ ሰው ሆዴ ቀለለኝ። ያ ስሜት ጥሩ እንዳልነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ደብዳቤው በደረሰኝ በዘጠነኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ደወለልኝ። "አንዲት እናት ይፈልጉሻል፤ ቁጭ ይበሉ ብላቸው እምቢ አሉ" አለኝ።

ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀጥ ብለው፣ በሩ ላይ ቆመዋል። ቢሮዬ ካስገባኋቸውም በኋላ ወንበሩን አልነኩትም።

"ባልዲሽን ያየሁት ውጤቱ ሳይመጣ በፊት ነው" አሉኝ። "ከዚያ ወዲህ ባልዲ ይዘሽ አልመጣሽም። ልጄ ትናንት እራት ላይ 'የዶክተሯ ባልዲ' እያለ ሲብሰለሰል ነው የሰማሁት። ማነው በእኔ ጥፋት የሚዋሽ?"

"እማማ፣ እርስዎን አልዋሸሁብዎትም። በራሴ ላይ ነው የዋሸሁት።"

"እሱ ይብሳል። ጠበሉን ያመጣሁ እኔ፣ ያፈሰስኩ እኔ። ልጄ ቢቆጣኝ ይቆጣኝ፤ የወለድኩት ነው። ጥፋት አለበት ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር። የለበትም አልሽኝ። ሰው አፍሮ ይቅርታ እንዲጠይቅ እንኳ ዕድል አይሰጠውም?"

ልክ ናቸው፤ አዝኜላቸው ነበር፣ ግን እንደ ሕፃን ነበር ያዘንኩላቸው። እውነቱን ለልጃቸው በዚያው ሌሊት እንደነገሩት ጨመሩልኝ። "ምን አለ?" አልኳቸው። "ምን ይላል? በላ፣ እጁን ታጠበ፣ 'እማ፣ ለምን አልነገርሽኝም' አለኝ። አላወቅሁማ አልኩት።"

ቅጹን አወጣሁ። መጻፍ ስጀምር ያን ጊዜ፣ ገና ያን ጊዜ፣ ከሃያ ስድስተኛው ቀን ጀምሮ ልጠይቃቸው የሚገባኝን ጠየቅኋቸው።

"የትኛው ገንዳ ላይ ነው የጨመሩት?"

"በበሩ ያለው ላይ ነዋ። ሌሎቹ ጋ መች ደርሼ። ወለሉ ያዳልጣል፣ ጉልበቴን እፈራለሁ። ከበሩ ሆኜ አፈሰስኩና ለሁላችሁም ይድረሳችሁ አልኳቸው።"

ብዕሩ በእጄ ቀረ። ሦስት ገንዳ ነበር። ሁለቱን ጠብታ አልነካቸውም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው። እኔ እኮ ደንብ አክባሪ ነበርኩ፤ ለውጭው ሐኪም እንዳልዋሽ ተጠንቅቄ "ያልታወቀ" ብዬ የጻፍኩለት ውሃ መጠኑም፣ ምንጩም፣ ያረፈበትም ቦታ የታወቀ ነበር። አንዲት ሴት አንድ በአንድ ታውቀው ነበር። ወረቀቴ ከመጀመሪያውም ሐሰት ነበር፤ ለሰው ያዘንኩበት ሐሰት ስለሆነ ብቻ እውነት መስሎኝ ኖሯል።

አዲሱን ቅጽ እንዳሉት ጻፍኩ። "አንብቢልኝ" አሉኝ። አነበብኩላቸው፤ ማን እንዳፈሰሰ፣ ምን እንዳፈሰሰ፣ ከየት እንደመጣ፣ ወደ የትኛው ገንዳ እንደገባ። "እሱ ነው" አሉና ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ድካማቸውን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጠጡ።

ለአለቃዬም ነገርኩት፤ ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይኼኛው ይገባኝ ነበር፣ ከመጀመሪያውም ይበልጥ ቆረቆረኝ።

የጅቡቲው ሐኪም መልስ ሳይዘገይ መጣ፣ ትሕትናም ነበረበት። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይህ ቢጻፍልን ኖሮ ሁለቱን ገንዳዎች በሙሉ ፈቃድ እንቀበል ነበር ይላል። አሁን ግን ኩሬዎቹ ከሌላ ቦታ በመጡ ጫጩቶች ተሞልተዋል። ለወደፊቱ አብረን ለመሥራት ተስፋ እናደርጋለን ብሎ ይጨርሳል። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እኔም ለሰዎች ጽፌ አውቃለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ሁለት ጊዜ አላነበብኩትም።

መልሱን በስልክ መናገር ከበደኝና ራሴ ይዤው ሄድኩ። ልጁ የመጀመሪያው ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቆሮሶዎቹ ጣት ማከል ካለፋቸው ሰንብቷል፤ ገንዳው ጠቧቸው እርስ በርስ ይላተማሉ። ሁለቱን ገንዳ ለአገር ውስጥ ኩሬ ቆፋሪዎች ባገኘው ሊሸጥ ነው፤ አንዱን ለእርባታ ያስቀራል። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ አንድ መጋዘን በር ላይ ፈረቃ ይዟል።

ወረቀቱን አንብቦ አጠፈው። ይቅርታ ጠየቅሁት። ያለ ምክንያት፣ ያለ ባልዲ፣ ያለ እናቱ፤ ይቅርታ ብቻ።

"ለእናቴ ማዘንዎን አልጠላሁትም ዶክተር" አለኝ፣ ሳይቆጣ። "ግን ያን ቀን የትኛው ገንዳ ነው ብዬ ጠይቄዎት ነበር።"

"አዎ።"

"እናቴ ቤት ውስጥ ነበረች። በሩም ክፍት ነበር። ቢጠሯት ትነግረን ነበር።"

ዞር ብዬ አየሁ። እንዳይሰሙ ብዬ ድምፄን ዝቅ ያደረግሁበትን ቀን አስታወስኩ። ከቆምንበት እስከ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም።